ፖሊን ሆፕኪንስ፤ የደራሲነት ሕይወቷና በልብ ወለዷ የምትገኘው «ኢትዮጵያ»

የአሜሪካን ልብ ወለድ የሚያጠና ተማሪ የሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያገኛቸው የሴት ደራስያን ስሞች ኢዲት ዋርተንና ዊላ ካተር ናቸው። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያው ዘመን በቦስተን ከተማ በጽሕፈት ሥራ እየተዳደረች ልብ ወለድ የምትደርስ ፖሊን ኤልሳቤጥ ሆፕኪንስ የምትባል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከአራት ረጃጅም ልብ ወለዶቿ አንዱ ባለታሪኩን ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አስነሥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ያነግሠዋል። እኛን መጀመሪያ ወደዚህች ደራሲ የሳበን ይህ የአገራችን ስም መሆኑን አንደብቅም። ቀርበን ስናጠና ግን ከስሙ በስተጀርባ ሌላ ከባድ ጉዳይ አገኘን። ይኸውም አንድ ደራሲ የሚጽፍበት መጽሔት ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ብዕሩ ምን ይሆናል? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም ነገሮች ለማስረዳት መሞከር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ሆፕኪንስ በ1859 ዓ.ም. በሜይን ክፍለ ሀገር በፖርትላንድ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በቦስተን ነው። የባርነት ሥርዓት በመላው አሜሪካ በሕግ የተሻረው በ1865 ስለሆነ፣ በተወለደችበት ጊዜ በደቡብ ክፍለ ሀገሮች የሚኖሩት ወገኖቿ ገና ይሸጡና ይለወጡ ነበር። እርሷ ከነጻ ቤተሰብ ተወልዳ በቦስተን የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመማር በቃች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ1874፣ ስለ መጠጥ ጠንቅና ስለ መድኃኒቱ በተደረገ የድርሰት ውድድር አሸንፋ አሥር ዶላር ወርቅ ተሸለመች። ሽልማቱን ካዘጋጁት አንዱ ከባርነት አምልጦ ደራሲ የሆነው ዊሊያም ዌልስ ብራውን ነበር።

ከድርሰት በፊት ግን የታወቀችው በዜማ ነው። ባሮች ተደብቀው ወደ ሰሜን ስለሚያመልጡበት መንገድ የሚናገር የሙዚቃ ቴያትር ደርሳ፣ በ1880 በሐምሌ ወር ከቤተሰቧ ጋር ሆና በቦስተን መድረክ ላይ አቀረበችው። ራሷም ዘፋኝ ነበረች። ይሁን እንጂ የመድረክ ሥራ የዕለት እንጀራ የሚያስገኝ ሆኖ ስላልተገኘ፣ ሰው የሚናገረውን በምልክት እየቀረጹ መጻፍ የሚቻልበትን ስቴኖግራፊ የሚባለውን የፈጣን ጽሕፈት ሙያ ተማረች። በማሳቹሴትስ የስታቲስቲክስ ቢሮ ለ1895 የሕዝብ ቈጠራ ለአራት ዓመት ያህል በዚሁ ሙያ ሠርታለች። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙያው ወደ ልብ ወለዷ ገብቷልና።

በ1896 በአሜሪካና በአገራችን የሆነውን ጎን ለጎን ማየት ይገባል። በመጋቢት 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የኢጣልያ ጦር ድል ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌሲ በተባለው ሰው ክስ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ጥቁሮችንና ነጮችን በባቡር ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥ ሕገ መንግሥቱን አይነካም አለ። በደቡብም ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በመንጋ ይዞ መስቀል የተለመደ ሆኖ ነበር፤ የተስኪጊ ተቋም እንደ መዘገበው በ1892 ብቻ 161 ጥቁሮች በዚህ ዓይነት ተገድለዋል። ሆፕኪንስ የአርባ ዓመት ሴት ሆና የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስታሳትም ሐሳቧን የያዘው ይህ ጉዳይ ነበር።

መጽሐፉ በ1900 በቦስተን የታተመው «ተፋላሚ ኃይሎች» ነው። በመቅድሙ ላይ፣ ልብ ወለድ የአንድን ሕዝብ ልማድና ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቆ የሚያቆይ መሆኑን ገልጻ፣ የጥቁሮችን ውስጣዊ ስሜት አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ከራሳቸው መካከል መነሣት አለበት ትላለች። ታሪኩ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቤርሙዳ ደሴት ይነሣል። አንድ ባለጸጋ ባሮቹንና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን ካሮላይና ይሻገራል፤ በዚያም ሚስቱ የአፍሪካ ደም አለባት የሚል ወሬ ተነዝቶበት ይገደላል፤ ቤቱም ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ መቶ ዓመት ያህል ዘሎ በቦስተን በወይዘሮ ስሚዝ የኪራይ ቤት ውስጥ ይቀጥላል።

እኛ እንደምናስበው የመጽሐፉ ነፍስ ያለው በዚህ የኪራይ ቤት ነው። ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ሁለት ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ይተማማሉም። ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ገቢ የሚሆን ልብስ እየሰፉ ስለ ዘራቸው ዕድል የሚከራከሩበት ምዕራፍ አለ፤ በመርፌና በክር መካከል የሚደረገው ይህ ክርክር ከብዙ የአደባባይ ንግግር ይበልጣል። ከተከራዮቹ አንዷ ሳፎ ክላርክ ናት። ሳፎ እንደ ደራሲዋ ባለ ጽሕፈት ስትሆን፣ ሥራዋን ወደ ቤት ወስዳ ትሠራለች፤ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ሴት ከነጮች ጋር እንድትቀመጥ ስለማይፈለግ ነው። በልጅነቷ በኒው ኦርሊንስ ከነጭ አጎቷ የደረሰባትን መደፈርና ከዚያ የተወለደውን ልጅ ደብቃ ትኖራለች። በዚያ ዘመን ልማድ እንዲህ ያለች ሴት በልብ ወለድ ውስጥ ወይ ትሞታለች ወይ ትጠፋለች። ሆፕኪንስ ግን ሳፎን ልጇን በይፋ እንድትቀበልና የምትወደውን ሰው እንድታገባ አደረገቻት። የዛሬ አንባቢ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ቢያልፈው ይሳሳታል።

መጽሐፉን ያሳተመው «የጥቁሮች የኅብረት ሥራ አሳታሚ ድርጅት» ልንለው የምንችል ማኅበር ነበር። ይኸው ማኅበር በ1900 በግንቦት ወር «ከለርድ አሜሪካን ማጋዚን» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ዕትም ላይ የሆፕኪንስ አጭር ልብ ወለድ ታትሟል። በኋላም የሴቶችን ክፍል ያዘች፤ በ1903 ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ክፍል አዘጋጅ ተባለች። እንደ እውነቱ ከሆነ የመጽሔቱ ትልቁ ሸክም በእርሷ ትከሻ ላይ ነበር። ስለ ዘሯ ታዋቂ ወንዶችና ሴቶች ሁለት ተከታታይ የሕይወት ታሪኮችን ጻፈች። ሦስት ረጃጅም ልብ ወለዶችንም በየወሩ በክፍል በክፍል አወጣች፤ እነርሱም «የአጋር ልጅ» ከመጋቢት 1901 እስከ መጋቢት 1902፣ «ዊኖና» ከግንቦት እስከ ጥቅምት 1902፣ «ከአንድ ደም» ከኅዳር 1902 እስከ ኅዳር 1903 ናቸው። «የአጋር ልጅ» የወጣው በራሷ ስም ሳይሆን ሣራ አለን በሚል ስም ነው፤ ይህም የእናቷ የልጅነት ስም ነበር። በአንድ ዕትም ውስጥ አንድ ስም ሦስትና አራት ጊዜ መታየቱ ስላላማራት ይመስለናል።

በየወሩ ተቈራርጦ የሚታተም ልብ ወለድ የራሱ ሕግ አለው። አንባቢው በሚቀጥለው ወር መጽሔቱን እንዲገዛ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ነገር አንጠልጥሎ መተው አለበት። ስለዚህ የተለዋወጡ ሕፃናት፣ የተሰወሩ ኑዛዜዎች፣ ነጭ መስለው የሚኖሩ ጥቁሮች፣ ሙት መስለው የሚነሡ ሴቶች በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሞልተዋል። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል፤ በከፊል እኛም እንስማማለን። ነገር ግን ስለ ዘር መደባለቅ ጉዳይ፣ ሕፃን ተለዋወጠ የሚለው ተረት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም ነበር። ጌታው ከባሪያው የወለደውን ልጅ እንደ ከብት በሚሸጥበት አገር ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ መኖራቸው የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ከአንባቢዎቿ ጋር ተከራክራለች። አንዲት ነጭ አንባቢ በ1903 ለመጽሔቱ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ልብ ወለዶቹ ሁሉ ለምን በነጭና በጥቁር መካከል ስላለ ፍቅር ብቻ ይናገራሉ? ጥቁሮች እርስ በርሳቸው አይፋቀሩም ወይ? ብላ ወቀሰች። ሆፕኪንስ ደብዳቤውን ሳትደብቅ ከመልሷ ጋር አሳተመችው። የመልሷ ፍሬ ነገር፣ የምጽፈው በወገኖቼ ላይ የደረሰው በደል እንዲታወቅ ነው፤ በብዙ ክፍለ ሀገሮች በሕግ የተከለከለው ጋብቻ ነው እንጂ ግፉ አይደለም፤ ወቀሳም ቢመጣ ሥራ እየተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው የሚል ነበር። ከገበያ አንጻር ነጭ ደንበኛን ማስቀየም የሚጎዳ ነገር መሆኑን እያወቀች ነው ይህን ያደረገችው።

አሁን ወደ «ከአንድ ደም» እንመለስ። ርእሱ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቁጥር 26 ነው። ሁለተኛ ርእሱ «የተሰወረው ማንነት» ደግሞ በሐርቫርድ ፍልስፍናና ሥነ ልቡና ያስተምር የነበረው ዊሊያም ጄምስ በ1890 ከጻፈው ጽሑፍ የመጣ ነው። ባለታሪኩ ሩኤል ብሪግስ የሐርቫርድ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ጥቁርነቱን ደብቆ በድህነት ይኖራል። ዳያንቲ ላስክ የምትባለውን ዘፋኝ በባቡር አደጋ ሞታለች ከተባለች በኋላ በምሥጢራዊ ኃይል ያስነሣታል፤ ያገባታልም። ወዳጁ መስሎ የሚቀርበው ኦብሪ ሊቪንግስተን ግን ሴቲቱን ስለ ተመኛት የሩኤልን ዘር ምሥጢር ተጠቅሞ ሥራ እንዳያገኝ ያደርገውና፣ ወደ ኢትዮጵያ የጥንት ፍርስራሽ ሊመረምር ከሚሄድ ጓድ ጋር እንዲሄድ ይገፋፋዋል። በዚያም ሩኤል ከፍርስራሹ አጠገብ ተሰውራ የምትኖር ተላሳር የምትባል ከተማ ያገኛል። በደረቱ ላይ ያለው የሎተስ አበባ ምልክት ታይቶ፣ ሕዝቡ ሲጠብቀው የነበረው ንጉሥ ኤርጋሜኔስ እርሱ ነው ተብሎ ይነግሣል። የከተማዪቱም ንግሥት ካንዳኬ ትባላለች። በመጨረሻ ሩኤል፣ ዳያንቲና ኦብሪ የአንዲት ባሪያ ልጆች፣ ሳይተዋወቁ የኖሩ ወንድማማችና እኅት መሆናቸው ይገለጣል። ዳያንቲ በመርዝ፣ ኦብሪ በውሃ ሰጥሞ ይሞታሉ፤ ሩኤል ወደ መንግሥቱ ይመለሳል፤ የነጮች ኃይል ወደ አገሩ እየገፋ መምጣቱንም በሥጋት ይመለከታል።

እንግዲህ ይህች ኢትዮጵያ የትኛዋ ናት? መንገደኞቹ በሜዲቴራኒያን ዳር በምትገኘው በትሪፖሊ ከመርከብ ወርደው በግመል ነው የሚጓዙት። ካርታ ዘርግቶ ያየ ሰው በዚህ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሚደርሱበትም ስፍራ ዛሬ በሱዳን ውስጥ በዓባይ ወንዝ አጠገብ ፍርስራሹ የሚታየው መሮኤ ነው። ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር፣ ሆፕኪንስም ያነበበቻቸውን መጻሕፍት ተከትላ መሮኤን ኢትዮጵያ ብላ ጠራችው። ኤርጋሜኔስም የፈጠራ ስም አይደለም፤ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ከካህናቱ ጋር ተጣልቶ እንዳጠፋቸው የሚተርክለት የመሮኤ ንጉሥ ነው። ካንዳኬ የተባለችው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ጃንደረባዋ የተጠመቀላት ህንደኬ ናት። ተላሳርም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 37 ከዔዴን ልጆች ጋር የተጠቀሰ ስም ነው።

ስለዚህ የአገራችንን ኑሮ፣ ቋንቋ ወይም ቤተ መንግሥት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ያዝናል። ጊዜውን ግን ልብ ይሏል። የልብ ወለዱ የመጨረሻ ክፍል በታተመ በሚቀጥለው ወር፣ በታኅሣሥ 27 ቀን 1903፣ ሮበርት ስኪነር የመራው የአሜሪካ መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አንዱ በቦስተን የተጻፈ ሕልም ነው፤ ሌላው በአዲስ አበባ የተጻፈ ውል ነው፤ ሁለቱ ግን አልተገናኙም። የጥቁር አሜሪካውያን ሰባክያን ስለ ኢትዮጵያ እጆች የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር ቃል ሲያነቡ ያሰቡት የዘራቸውን ሁሉ ተስፋ እንጂ የአንድን መንግሥት ወሰን አልነበረም። ሆፕኪንስም የጻፈችው በዚሁ መንፈስ ነው። በእኛ አስተያየት የልብ ወለዱ ጥንካሬም ድካሙም ከዚህ ይመጣል። ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚለውን ትምህርት በሐርቫርድ ተማሪ አፍና ዓይን አፍርሳለች፤ ነገር ግን ያንን ታሪክ ሕያው በሆነ ሕዝብ ላይ ሳይሆን በተሰወረች ከተማ ላይ መሠረተችው።

ሌላም ማለፍ የማይገባን ነገር አለ። በ2010ዎቹ ጄፍሪ ሳንቦርንና ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፉን ከሌሎች ጋር አስተያይተው፣ በ«ከአንድ ደም» ውስጥ ብዙ አንቀጾች ከሌሎች ደራስያን መጻሕፍትና ጽሑፎች ምንጭ ሳይጠቀስ ቃል በቃል የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይተዋል። አንዳንዶች ይህን አዲስ ትርጉም ለመስጠት አሮጌውን ጽሑፍ መልሶ መጠቀም ነው ብለው ይከላከሉላታል። እኛ ግን፣ በየወሩ ዕትሙን ለማድረስ መጽሔቱን ከነክፍሉ የተሸከመች ሴት እጇ የደረሰበትን እንደ ተጠቀመች እናስባለን፤ ማመኻኘቱም ማውገዙም አያስፈልግም። የሌላውን ሰው ዓረፍተ ነገር ካወጣንለት በኋላ የሚቀረው የታሪኩ አቅድ ግን የራሷ ነው፤ ያም አቅድ ትንሽ አይደለም።

መጽሔቱ ግን ገንዘብ አልነበረውም። በዚያ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን በሁለት አስተያየት ተከፍለው ነበር። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የእጅ ሙያና ንግድ ይቅደም፣ የፖለቲካ መብት ጥያቄ ይቆይ ሲል፣ ደብሊዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስና የ«ጋርዲያን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሞንሮ ትሮተር ይህን ይቃወሙ ነበር። ሆፕኪንስ በልብ ወለዷና በሕይወት ታሪኮቿ የትኛው ወገን እንደ ነበረች ግልጽ ነው። በ1904 ጆን ፍሮይንድ የሚባል የሙዚቃ ንግድ ጋዜጣ አዘጋጅ የመጽሔቱ ረዳት ሆኖ ቀረበ፤ ስጦታ ላከ፤ ግብዣ አደረገ። በኋላ ግን ስለ በደል መጻፍ ይቅር፣ ልብ ወለድም ይቅር ወደ ማለት ደረሰ። ይህንን ሁሉ እርሷ ራሷ በሚያዝያ 1905 ለትሮተር በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ ዘርዝራዋለች። በዚያው በ1904 የዋሽንግተን ወዳጅ ፍሬድ ሙር መጽሔቱን ገዛና ወደ ኒው ዮርክ አዛወረው። የግዢው ገንዘብ ከዋሽንግተን ድጋፍ እንደ መጣ በኋላ ታውቋል፤ በጊዜው ግን አልተገለጸም። ጥቂት ወራት ሳይቈይ ሆፕኪንስ ከሥራ ወጣች። መጽሔቱ ለአንባቢዎቹ የሰጠው ምክንያት ሕመም ነው የሚል ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን በአትላንታ በሚታተም «ቮይስ ኦቭ ዘ ኒግሮ» በተባለ ሌላ መጽሔት ስለ ኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ረጅም ጽሑፍ አወጣች፤ በ1905ም ስለ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች ተከታታይ ጽሑፍ ቀጠለች። እጇ አልታመመም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1905 በራሷ ስም አሳታሚ ድርጅት አቋቁማ ስለ አፍሪካ ሕዝብ የጥንት ገናናነት ትንሽ መጽሐፍ አወጣች። በ1916 የቀድሞውን መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ከሆነው ከዎልተር ዋላስ ጋር «ኒው ኢራ» የተባለ መጽሔት ጀመረች፤ ከሁለት ዕትም አላለፈም። በእርሱ ላይ የጀመረችው ልብ ወለድ ሳያልቅ ቀረ። «ከአንድ ደም» ካለቀ ከኅዳር 1903 በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ስትኖር ሌላ የተፈጸመ ረጅም ልብ ወለድ አላሳተመችም። ወደ ጽሕፈት ሙያዋ ተመልሳ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስትሠራ ቈየች። በነሐሴ 13 ቀን 1930 በኬምብሪጅ ከተማ፣ ለሕመሟ የጠቀለለችው መድኃኒት የተነከረ ፋሻ ከነዳጅ ምድጃ እሳት ይዞት፣ በቃጠሎው ምክንያት ሞተች።

ለአርባ ዓመት ያህል የሚያነሣት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1972 የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አን አለን ሾክሊ ስለ ሕይወቷ አንድ ጽሑፍ አወጣች። የሆፕኪንስ የግል ወረቀቶች የሚገኙት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1978 «ተፋላሚ ኃይሎች» እንደገና ሲታተም የድኅረ ቃሉን የጻፈችው ባለቅኔዋ ግዌንዶሊን ብሩክስ ነበረች፤ እርሷም ሆፕኪንስ የነጮችን መልክና አነጋገር እንደ መለኪያ ትይዛለች ብላ ሳትራራ ወቀሰቻት። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ የልብ ወለዶቿን ሴት ባለታሪኮች መልክ ያስተዋለ ሁሉ ያየዋል። በ1988 ደግሞ በመጽሔት የወጡት ሦስቱ ልብ ወለዶች በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ወጡ።

ማንበብ ለሚፈልግ ጓደኛችን የምንመክረው ከ«ተፋላሚ ኃይሎች» እንዲጀምር ነው፤ የቤርሙዳው መግቢያ ቢያሰለቸው ታግሦ እስከ ወይዘሮ ስሚዝ ቤት ይድረስ። «ከአንድ ደም»ን ግን በአንድ ሌሊት ከመጨረስ ይልቅ የመጀመሪያ አንባቢዎቿ እንዳነበቡት ጥቂት ምዕራፍ አንብቦ ዘግቶ ቢያቆየው፣ ሩኤል በግመል ላይ ሆኖ ስለ ሚስቱ ሲያስብ እርሱም አብሮ የሚቀጥለውን ክፍል ይጠብቃል።